እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገቡ የጎጃም ምግቦች፦ ግብጦ፣ የኑግ ጭብጦ፣ ድንች በስልጆ፣ ቡና በጨው

የጣና ዳሯ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ስለ ዶሮ ወጥና ስለ ክትፎ በአደባባይ ያልተወራ ነገር የለም። የእኔ ጥያቄ እንግዳ በር ሲያንኳኳ ወደ ጓዳ ስለሚሸሹት ነው፦ ግብጦ (ባቄላ መሰሉ መራራ ጥራጥሬ) በዳጣ፣ ኑግ በማር፣ ድንች በስልጆ (በባቄላና በሰናፍጭ የሚሠራ ኮምጣጣ ማባያ)፣ እንጀራ በወተት፣ ጨው ያለበት ቡና። ለሌላ አገር ሰው ሲነገሩ ግንባር ያስቋጥራሉ። እዚሁ ጎጃም ውስጥም «እኔ እንኳ አልወድም» እየተባለ ሳህኑ ባዶ ይገኛል። ሙገሳውን ለሌላ ቀን እናቆየውና ልኩንና አሠራሩን ንገሩኝ።

ያስቸገሩኝ እነዚህ ናቸው።

ግብጦ፦ 1 ኪሎ፣ ግማሽ ሰዓት ተቀቅሎ፣ በባልዲ ውሃ ተዘፍዝፎ 4 ቀን ሆነው። ውሃው በቀን አንዴ ይቀየራል። አሁንም መራራ ነው፣ ውሃውም መሽተት ጀምሯል። ይጣል ወይስ ይድናል? ማመስ ይሻላል መቀቀል?

የኑግ ጭብጦ፦ በመፍጫ ማሽን ሲፈጭ አልጨበጥ ይላል፣ እንደ አሸዋ ይበተናል።

ስልጆ፦ ሰናፍጩ አፍንጫ ድረስ አይወጣም፤ ምሬት ብቻ።

እንጀራ በወተት፦ ወተቱ ይቋጥራል።

ቦታው ባሕር ዳር ነው፤ ሙቀቱንና የቧንቧ ውሃውን አስባችሁ መልሱልኝ።


የዳንግላ ሰፌድ

እታለም፣ ግብጦው አይጣልም። ምሬቱ ሳይለቅ ግን አንድም ፍሬ እንዳይዋጥ፤ ለልጅማ ጭራሽ።

ጥፋቱ ሁለት ቦታ ነው፤ እሳቱ አንሷል፣ ውሃው ሰንብቷል። ግብጦን የሚያመርሩት አልካሎይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ዋናው ሉፓኒን ይባላል። እሳት አያጠፋቸውም፤ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክ እዚያው ናቸው። የሚያወጣቸው ውሃ ነው። «ታዲያ መቀቀሉ ለምን?» ለሚል፣ ጥሬ ፍሬ ነፍስ አለው፤ ምሬቱን አጥብቆ ይይዛል፣ ውሃ ውስጥ ሲሰነብትም ማጎንቆል ይጀምራል። እሳት ሲነካው ይሞታል፤ ውስጡም ይፈታና ውሃ ገብቶ ያጥበዋል። ባሕር ዳር ከፍታዋ 1800 ሜትር ግድም ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚያ ላይ ግማሽ ሰዓት ለግብጦ ምንም ማለት አይደለም።

ለ1 ኪሎ ደረቅ ግብጦ እንዲህ ነው። አንገዋልለሽ ጠጠሩንና ነቀዝ የበላውን ታወጫለሽ። በ3 ሊትር ውሃ ያድራል፤ ጠዋት ውሃው ይደፋል። በአዲስ ውሃ፣ ከፈላ በኋላ 1 ሰዓት ይንተክተክ፤ ያም ውሃ ይደፋ፣ ለወጥም ለምንም አይቅር። በሌላ አዲስ ውሃ ግማሽ ሰዓት ይደገም። በዚህ ጊዜ ፍሬው እጥፍ ስለሚሆን ሰፊ ዕቃ ይፈልጋል። ቢያንስ 5 ሊትር ውሃ ጨምረሽ ዘፍዝፊው፤ ውሃውን በቀን 3 ጊዜ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ቀይሪ። ስትቀይሪ በእጅሽ ከሥር ወደ ላይ አገላብጪው፤ ካልሆነ የታችኛው ፍሬ በገዛ መራራ ውሃው ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። 5 ቀን ትንሹ ነው፣ 7 ቀን ቢፈጅ አይግረምሽ።

ወራጅ ውሃ ያለው ሰው በጆንያ ቋጥሮ፣ ድንጋይ ጭኖበት፣ ገመዱን ከዳር ዛፍ አስሮ ወንዝ ውስጥ ያሳድረዋል። መቀየሩን ወንዙ ይሠራዋል። ጆንያው ግን ከግማሽ በላይ አይሞላ፤ ጢም ብሎ ከታሰረ መሐሉ ውሃ ሳይነካው ይሰነብታል። ከተማ አቋርጦ የሚወርድ ወንዝ ለዚህ አይሆንም፤ የሚበላ ነገር ነው።

አሁን ለሸተተው። ፍሬውን ጨብጠሽ እዪው። ቢያንሸራትት፣ ዝልግልግ ቢል ወይም ሻጋታ ቢታይበት ድፊው፤ አይራራለትም። ፍሬው ጠንካራ ሆኖ ውሃው ብቻ ከሸተተ ግን ይድናል፦ ሁለት ጊዜ እጠቢው፣ 20 ደቂቃ አፍይው፣ ከዚያ ጥላ ቦታ አስቀምጠሽ በቀን 3 ጊዜ እየቀየርሽ 3 ቀን ጨምሪለት። መነሻው የባሕር ዳር ሙቀት ነው፤ የቆመ ውሃ እዚያ ቶሎ ይብላላል። ደጋ እንጅባራ ላይ ያው ባልዲ አንድ ቀን ይበልጥ ይታገሥ ነበር።

አቀማመሱም ወግ አለው። ከላይ፣ ከመሐልና ከታች አንድ አንድ ፍሬ አውጪ፤ ልጠሽ በፊት ጥርስሽ አድቅቀሽ ምላስሽ ላይ ያዢው፣ አትዋጪ። የግብጦ ምሬት ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ግማሽ ደቂቃ ጠብቀሽ ትፊው። ከሦስቱ አንዱ ቢመር ሁሉም ገና ነው። ቸኩሎ የበላ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ አፉ ይደርቃል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ዓይኑ ይደበዝዛል፣ ሽንትም አልወርድ ሊለው ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት ከታየ ወደ ጤና ጣቢያ ነው፤ «ወተት ጠጣበት» በሚል ምክር ጊዜ አይጠፋም።

ማመስና መቀቀልን ጠይቀሻል። ሁለቱም ያስኬዳል። የታመሰ ግብጦ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል፣ የቆሎ መዓዛም ይይዛል። በመካከለኛ እሳት ሳይቋረጥ እየተማሰለ ልጣጩ ቡኒ ነጠብጣብ እስኪያወጣ ይታመሳል፤ ነገር ግን ውሃው ወደ ውስጥ ለመግባት ስለሚዘገይ ቀኑ ይረዝማል። የተቀቀለው ይለሰልሳል፣ ቶሎም ይጠራል። ወንዝ ላለው ታምሶ፣ ባልዲ ላለው ተቀቅሎ፤ የእኔ ፍርድ ይህ ነው።

ልጣጩ መጨረሻ ላይ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሲጨመቅ ፍሬው ተፈናጥሮ ይወጣል። ለ2 ብርጭቆ የተላጠ ግብጦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዳጣ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የኑግ ዘይትና ጥቂት ሎሚ ይበቃዋል። ጨው ከመጥራቱ በፊት አይግባ፤ በየቀኑ ከውሃው ጋር ስትደፊው ትከርሚያለሽ። ከገብስ ቆሎ ጋር ቀላቅለው የሚያስቀምጡም አሉ፤ ያ ስሕተት ነው። ግብጦው እርጥብ ስለሆነ ቆሎው በሰዓት ውስጥ ይለሰልሳል። ሁለት ሳህን ይሁንና እፍኝ ላይ ይገናኙ። ያልተጣፈጠው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሆኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ 4 እና 5 ቀን ይቆያል፤ ውሃው በየቀኑ ከተቀየረ።


ፈለገ ብር

ከላይ ለተባለው ሁለት ነገር ልጨምር።

ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ግብጦም ላይስማማው ይችላል፤ ዘመዳሞች ናቸው። ከንፈር ማበጥ፣ ማሳከክ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ጉዳዩ ከምሬቱ ጋር አይገናኝም፤ የጠራውም ቢሆን ያደርገዋል።

ሁለተኛ፣ ግብጦንና ጓያን አንድ ላይ የሚከት ወሬ ይሰማል፤ «ሁለቱም ሲዘፈዘፍ ይድናል» ይባላል። ልዩ ናቸው። የግብጦ መርዝ ምላስ ላይ ራሱን ያሳብቃል፣ በዚያው ቀንም ይታያል። ጓያ አይመርም። ጉዳቱ የሚመጣው ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ነው፤ የሚይዘውም እግርን ነው፣ አይመለስም። መዘፍዘፍ ይቀንስለታል እንጂ ጨርሶ አያጠፋለትም። ስለዚህ የግብጦን ዘዴ ለጓያ አንዋስ።


ሙቀጫና ዘነዘና

የኑግ ጭብጦ የእኔ ድርሻ ይሁን።

ያልጨበጠው ዘይቱ ስላልወጣ ነው። ኑግ ውስጡ ዘይት ሞልቶታል፤ ያ ዘይት የሚወጣው ሲደቆስና ሲታሽ ነው። የማሽን ስለት ይቆርጣል እንጂ አያሽም፤ ስለዚህ የደረቀ ብናኝ ይሰጥሻል። ሙቀጫ ካለ ጉዳዩ አልቋል።

ልኩ፦ 2 ብርጭቆ የተፈተገ የገብስ ቆሎ፣ 1 ብርጭቆ ኑግ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ኑጉ አሸዋ አያጣም፤ ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ውሃ አፍስሺበት፣ አማስለሽ የሚንሳፈፈውን በወንፊት ቅዘፊ። አሸዋው ከታች ይቀራል። ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገም፤ አንዲት ጠጠር ሙሉውን ጭብጦ ታበላሻለች። ጸሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ።

ከዚያ ሞቅ ባለ ምጣድ ላይ፣ እሳቱ ዝቅ ብሎ፣ 3 እና 4 ደቂቃ። ኑግ ጥቁር ስለሆነ ማረሩ በዓይን አይታይም፤ የሚሰማው በጆሮና በአፍንጫ ነው። መንጣጣት ሲጀምርና ሽታው ሲያውድ ወዲያው ከምጣዱ ይውረድ። ምጣዱ ላይ ከተተወ በራሱ ሙቀት ያርራል፣ ያረረ ኑግ ደግሞ በማርም አይመለስም።

ትኩስ እንዳለ ከጨው ጋር ይወቀጥ። መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፣ ቀጥሎ ከሙቀጫው ግድግዳ ጋር ይያያዛል፣ ከዚያ ያብረቀርቃል። እዚህ ሲደርስ ቆሎው ይጨመርና አብሮ ይወቀጣል፤ ቆሎው ግን ድቅቅ አይበል፣ ግማሹ ሸካራ ይቅር። በመዳፍ ሲጨበጥ የጣት ቅርጽ ይዞ ከቀረ ሆኗል። ካልያዘ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙቅ ውሃ፣ ከዚያ አይለፍ።

ማሽን ብቻ ላለው፦ ትንሿን የቡና መፍጫ ተጠቀሚ፣ ግማሽ ብርጭቆ ብቻ፣ እያቋረጥሽ። ከወጣ በኋላ ትኩስ ሆኖ በወፍራም ማንኪያ ጀርባ ከሳህን ጋር 5 ደቂቃ እሺው። የሙቀጫውን ያህል አይሆንም፤ ይጨበጣል ግን።

የተወቀጠ ኑግ ቶሎ ሽታው ይለወጣል፤ ዘይቱ አየር አይችልም። የሳምንቱን ብቻ ውቀጪ፤ ያልተወቀጠው ፍሬ ለወራት ይቀመጣል።


የጣና ዳሯ

እግዜር ይስጥልኝ። ማሩስ? ከጨው ጋር ይገባል ወይስ ጨው ይተዋል?


ሙቀጫና ዘነዘና

ጨው አይተው፣ ይቀነስ፤ ቁንጥር። ጨው የሌለው ኑግ በማር አፍ ላይ ይሰለቻል። ማሩ ለተባለው ልክ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ነጭ የረጋ ማር ቢሆን የተሻለ። ቀጭን ማር ሲሆን ጭብጦው ይላላና እጅ ላይ ይቀራል። ማሩ የሚገባው ከሙቀጫ ከወጣ በኋላ ነው፤ አብሮ ከተወቀጠ ሙቀጫውን ለማጠብ ግማሽ ቀን ይፈልጋል።

በማሩ ላይ ሚጥሚጣ ነስንሰው የሚበሉም አሉ። ሳልቀምስ እንዳልተች ያደረገኝ ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ ከቀመሱት በኋላ ደግሞ ትችት አይወጣም። ሩብ የሻይ ማንኪያ ይበቃል።


የቢቸና ጓዳ

ወደ ስልጆ። ሰናፍጩ ትኩስ ገንፎ ላይ ነው የገባው፤ ሳላይ እምላለሁ።

ሰናፍጭ ደረቅ ሆኖ አይለበልብም። የሚለበልበው ሲደቅና ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው ኢንዛይም ሥራ ጀምሮ ነው። ያን ኢንዛይም ሙቀት ይገድለዋል፤ ሲሞት ምሬቱ ይቀራል፣ አፍንጫ የሚወጋው አይወለድም። ስለዚህ ለብቻው ነው የሚዘጋጀው፦ 2 የሾርባ ማንኪያ በዚያው ቀን የተወቀጠ ሰናፍጭ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ተመትቶ ተከድኖ 15 ደቂቃ። ክዳኑን ከፍተሽ ዓይንሽ ካላነባ ሰናፍጩ የከረመ ነው፤ ሌላ ግዢ።

የቀረው ይህን ይመስላል። 1 ብርጭቆ ሱፍ ለ5 ደቂቃ ተቀቅሎ፣ ጠፈፍ ብሎ፣ ተወቅጦ በ5 ብርጭቆ ውሃ ይታሻል፤ በነጠላ ጨርቅ ይጠለላል። ነጩ ውሃ ላይ 1 ብርጭቆ የባቄላ ዱቄት ቀዝቃዛ እንዳለ ይበጠበጥ፤ ፈልቶ ከገባ ይጓጉላል። እሳቱ ዝቅ ብሎ እጅ ሳያርፍ 25 ደቂቃ ይማሰል፤ ካረፍሽ የሱፉ ውሃ ተቋጥሮ እንደ አይብ ይለያል። ጥሬ ባቄላ መሽተቱ ሲጠፋና ከማንኪያው ላይ ተሳስቦ ሲወርድ ይውረድ። ጣት ነክረሽ ያለ ችግር እስከ 10 መቁጠር ከቻልሽ ቀዝቅዟል። አሁን ሰናፍጩ፣ 4 ፍንካች የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና ሁለት ዘለላ ጤና አዳም ይግቡ።

በሸክላ ወይም በብርጭቆ ዕቃ፣ ተከድኖ፣ 3 ቀን። ባሕር ዳር ላይ በ2ኛው ቀን ቅመሺው፤ ሙቀቱ ያፋጥነዋል። ደብረ ማርቆስ ላይ 5 ቀን ሊፈልግ ይችላል። ኮምጠጥ ማለቱ ደግ ነው፤ ላዩ ላይ ጠጉር ያለው ሻጋታ ከታየ ግን ላዩን ገፍፎ መብላት የለም፣ ሁሉም ይደፋል። እርጥብ ማንኪያ እየገባ ነው ብዙ ጊዜ የሚሻግተው።

ድንቹ ከነልጣጩ ይቀቀል። ተልጦ የተቀቀለ ውሃ ይጠጣና ስልጆውን ያቀጥነዋል። ትኩስ ድንች ላይ ቀዝቃዛ ስልጆ፤ ድንቹን በእጅ ፈርክሺ እንጂ በቢላ አትቁረጪ፣ የተፈረከሰው ሸካራ ገጽ ይይዘዋል። ጾም ነው፣ ርካሽ ነው፣ ለምን እንደሚደበቅ ግን አይገባኝም። ሽታው ይሆናል።


አቦል ቶና

ወተቱን የሚቋጥረው የእንጀራው ኮምጣጣነት ነው፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ወዲያው ይሆናል። ትኩስ ወተት አታፍሺበት። የፈላ ወተት ጨርሶ ቀዝቅዞ፣ እንጀራው በዚያው ቀን የተጋገረ (ያደረ ይበልጥ ይኮመጥጣል)፣ 1 እንጀራ ለ2 ብርጭቆ ወተት፣ ከተፈተፈተ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይበላ። ሌላው መንገድ እንጀራውን ትቶ ያልቦካ የጤፍ ቂጣ መፈትፈት ነው፤ እርሾ ስለሌለው በሙቅ ወተትም አይቋጥርም። መቋጠሩ ካልቀረ ደግሞ ወተቱን ተይውና በእርጎ ፈትፍቺ፤ ቁንጥር ሚጥሚጣና ጨው ጨምሪበት፣ ስኳር አታስገቢ።

ቡና በጨው፦ ለ6 ሲኒ ጀበና ሩብ የሻይ ማንኪያ፣ ከዚያ በታች ጀምሪ። ጨው ምሬቱን ያለዝባል፤ ጨውነቱ ምላስ ላይ ከታወቀ ግን በዝቷል፣ ሾርባ ሆኗል። በየሲኒው ቢደረግ ይሻላል፤ የማይፈልግ ሰው አይገደድም።

ቅቤ ለሚያስገቡ፦ በሲኒ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ለጋ ቅቤ፣ ያልተነጠረ።


ፈለገ ብር

ቅቤ ጀበናው ውስጥ የሚጨምሩ ቤቶች አሉ እኮ። አንድ ላይ ሲፈላ ይዋሃዳል ይላሉ።


አቦል ቶና

ይዋሃዳል፣ ለዚያ ቀን። ጀበና ሸክላ ነው፤ ቅቤውን ይጠጣዋል። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም፣ ሳሙና ደግሞ ሸክላው ይዞት ይቀራል። ከሳምንት በኋላ ከዚያ ጀበና የሚቀዳው ሁሉ የሸተተ ቅቤ ይላል። የቅቤ ጀበና ለብቻው ለማስቀመጥ ፈቃደኛ የሆነ ያድርገው፤ አንድ ጀበና ያለው ግን በሲኒው ይበቃዋል። ጤና አዳሙም እንደዚሁ በሲኒ ነው፤ አንድ ቅርንጫፍ፣ አሥር ቁጥር ያህል ነክሮ ማውጣት። ለነፍሰ ጡር አይቀርብም።


የጣና ዳሯ

ሁሉንም ጽፌ ይዣለሁ፤ ግብጦው አሁን እሳት ላይ ነው። አንድ ብቻ ቀረኝ፦ የተደፋውን የግብጦ ውሃና ልጣጩን ለበግ መስጠት ይቻላል?


የዳንግላ ሰፌድ

ውሃውን በፍጹም፤ ምሬቱ ሁሉ ወደ እሱ ነው የሄደው። በጎቹ ከማይደርሱበት፣ ከጉድጓድ ውሃም ራቅ አድርገሽ ድፊው። ልጣጩ የመጨረሻው ቅምሻ ካለፈ በኋላ የተላጠ ከሆነ ችግር የለውም፤ ከገለባ ጋር ቀላቅለሽ ስጪ። ከዚያ ቅምሻ በፊት የተላጠ ከሆነ ግን እሱም ይደፋ።